ጥለቱን ቆጥሮ መያዝ፦ በየዕለቱ ከሚታይ ነገር የንድፍ ሐሳብ ማውጣት

ለቀሚስ፣ ለቦርሳ፣ ለምንጣፍ ወይም ለመጽሐፍ ሽፋን አዲስ ሐሳብ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ስልኩን በመክፈት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ሥራ ሲያይ ይቆይና ሲነሣ እጁ ላይ የቀረ ነገር አይኖርም። ያየው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ተመርጦ፣ ተቆርጦና ተስተካክሎ ያለቀ በመሆኑ የሚጨመርበት ቦታ የለውም። ትከሻ ላይ ያለ ነጠላ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ፣ በእጅ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ ግን ገና ብዙ የሚወጣቸው አላቸው። ሐሳቡን ከውስጣቸው የሚያወጣው መቁጠር፣ መለካትና ወደ ሌላ ቁስ ማሻገር ነው።

ይህ መመሪያ ለልብስ ንድፍ አውጪዎች፣ ለግራፊክ ሠራተኞች፣ ለጥልፍና ለዕደ ጥበብ ጀማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ አብዛኞቹ ከአገር ቤት ናቸው። ከአገር ውጭ ለሚኖር ሰው ደግሞ በሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የሀበሻ ቀሚስ ለመጀመሪያው ወር በቂ ነው።

መያዣዎቹ

ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደብተር፣ በኪስ ወይም በትንሽ ቦርሳ የሚገባ። ሁለት እርሳስ፦ ለመስመር ኤችቢ፣ ለጥላ 2ቢ። የልብስ ሰፊ ሜትር። አምስት ስፒል። ከካርቶን የተቆረጠ 4 በ6 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው ማያ ክፈፍ። ሁለት ትንንሽ የኪስ መስታወት በአንድ ጎናቸው በፕላስተር የተያያዙ። አንድ ነጭ ወረቀት። ቀለም ቀቢ ካልሆኑ በስተቀር ባለ 12 የእርሳስ ከለር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ቀለም በመምረጥ ሰዓቱን ይጨርሳል።

ደብተሩ ውድ ባይሆን ይመረጣል። ወፍራም ሽፋን ያለው የሚያምር ደብተር ሰውን ያስፈራል፤ ላለማበላሸት ሲባል ባዶውን ይቀራል።

1. ለአንድ ሳምንት አንድ ጥያቄ ይያዙ

«ዛሬ የሚያምር ነገር ልፈልግ» ብሎ የወጣ ሰው 200 ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፣ አንዱንም መልሶ አያየውም። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርዝ ብቻ ይፈልጉ፦ የነጠላ ጠርዝ፣ የቆርቆሮ አጥር ጫፍ፣ የመሶብ ክዳን ከመሶቡ ጋር የሚገጥምበት ቦታ፣ የበር መቃን። በሁለተኛው ሳምንት ክብ ነገር ብቻ፣ በሦስተኛው ፊደል ብቻ። ጥያቄው ሲጠብ ዓይን በየቀኑ ያለፈበትን ሰፈር እንደ አዲስ ያየዋል።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ወደ ሥራ የሚሄዱበት መንገድ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ለብርሃኑ ሲባል ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይውጡ። በእኛ አገር 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላ ያጥራል፤ የሽመናው እብጠት፣ የጭቃው ግድግዳ ሸካራነት፣ የእንጨቱ ቅርጽ ሁሉ ይጠፋና ነገሩ ጠፍጣፋ ይመስላል።

ለእያንዳንዱ ነገር ሦስት መዝገብ ይያዙ። አንደኛ፣ በሁለት ደቂቃ የተሳለ የሙሉው ነገር ንድፍ። ሁለተኛ፣ በካርቶኑ ቀዳዳ አይተው የሚስሉት አንድ ቁራጭ፣ በሙሉ ገጽ ላይ። ሦስተኛ፣ በጽሑፍ፦ ከምን ተሠራ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው፣ የት ታየ፣ ማን ሠራው። ፎቶ ማንሣት ያለበት ከሦስቱ በኋላ ነው። ፎቶው ከቀደመ እጅ ይሰንፋል።

2. አንድ ጥለት በቅርብ፦ እንዴት ይቆጠራል?

ከሁሉም ብዙ የሚያስተምረው ጥለት ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ።

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሽሮ ሜዳ የሸማ ሠፈር ነው፤ ከጋሞ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን የሠሩበት። እዚያ የሚሸጠውን ነጠላ ሲገዙም ሆነ የራስዎን ሲያወጡ መጀመሪያ ጀርባውን ይገልብጡት። የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ይታያል፤ ቀለሙ ሲዞር የተዘለለው ክር በጣት ይዳሰሳል። በማተሚያ የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ነው፣ ጣት የሚይዘው ነገርም የለም። ለመቁጠር የሚጠቅመን የተሸመነው ብቻ ነው።

ነጠላውን ጠረጴዛ ላይ ሳይወጥሩ ያንጥፉ። ከተወጠረ ድሩ (በቁመት የተዘረጋው ክር) ይሳባል፣ የቆጠሩት ቅርጽ ይጣመማል። ከዚያ ጥለቱ ራሱን የሚደግምበትን ቦታ ይፈልጉ፦ አንድ ነጥብ ይምረጡ፣ ለምሳሌ የአልማዙን የላይኛ ጫፍ፣ እዚያ ስፒል ይትከሉ። ያው ጫፍ በሚቀጥለው ጊዜ በሚመጣበት ቦታ ሁለተኛውን ስፒል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ድግግሞሽ ነው። የሚቆጠረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ ልጅ ነው።

አሁን በሦስተኛው ስፒል ጫፍ ክሩን እየነኩ ይቁጠሩ፣ በደብተሩ ላይ አንድ ካሬ ለአንድ ክር እያደረጉ ይሙሉ። አንድ ቀላል አልማዝ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ይወጣል፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ 13፣ 15፣ ከዚያ ተመልሶ 13 እያለ እስከ 1። ወርዱ 15፣ ቁመቱም 15 ረድፍ። በመሐል አንድ ክር ክፍተት ቢኖር ድግግሞሹ 16 ይሆናል። ቁጥሩ ለምን ጎደሎ ሆነ? ጫፉ በአንድ ክር እንዲያልቅ ነው። በሙሉ ቁጥር፣ 2፣ 4፣ 6 እያሉ ቢሄዱ ጫፉ ሁለት ክር ይሆንና አልማዙ የደነዘዘ ይመስላል። ጀማሪ የኮምፒውተር ንድፍ አውጪ ሥራው «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ይህ ነው።

ሌላው የሚሳሳቱበት ነገር ቅርጹን በካሬ ወረቀት አሳምረው ወደ ሸማኔ ሲወስዱት ነው። ድርና ማግ (በወርድ የሚገባው ክር) በእኩል አይጠጋጉም። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ድርና 16 ማግ ያለው ሸማ እንውሰድ። በወረቀት ላይ 15 በ15 የሆነው አልማዝ ሲሸመን ወርዱ 0.75 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ግን 0.94 ይሆናል፤ ረዝሞና ቀጥኖ ይወጣል። እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ቁመቱ ወደ 12 ማግ መውረድ አለበት። ስለዚህ ንድፍ ከመሳል በፊት አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር ቆጥሮ ሁለቱን ቁጥሮች በገጹ አናት ላይ መጻፍ ግድ ነው። ክሩ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ከመነን ወደ ፈትል፣ ቁጥሩም ይቀየራል፤ እንደገና ይቆጠር።

ድግግሞሹ በጨርቁ ወርድ ላይ በትክክል ላይገጥም ይችላል። ወርዱ 83 ሳንቲ ሜትር፣ ድግግሞሹ 5 ቢሆን 16 ጊዜ ገብቶ 3 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የተረፈውን በአንድ ጎን መተው ጥለቱን የተቆረጠ ያስመስለዋል። በግራና በቀኝ 1.5 አድርገው ያካፍሉት፣ ወይም ከመሐል ጀምረው ወደ ሁለቱ ጎን ይቁጠሩ። ከመሐል መጀመር በእኛ ግምት ሁልጊዜ ይሻላል፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነውና።

3. ቀለሙን በመጠኑ ይውሰዱ

የስልክ ካሜራ ቀለም ይቀይራል። ነጭ ሸማ በጥላ ሥር ሰማያዊ፣ በአምፖል ሥር ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ነጩን ወረቀት ከነገሩ አጠገብ አስቀምጠው ያንሡ፤ ኋላ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ሲያስተካክሉ የቀረውም ቀለም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከቀለሙ ዓይነት ይበልጥ የሚረሳው ግን መጠኑ ነው። በካርቶኑ ቀዳዳ የሚታየውን ክፍል በሐሳብ 20 ቦታ ይክፈሉት። 12ቱ ነጭ፣ 4ቱ አረንጓዴ፣ 3ቱ ቀይ፣ 1ዱ ወርቃማ ሆነ እንበል። በደብተርዎ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ሠርተው 6 ሳንቲ ሜትሩን ነጭ ይተዉ፣ 2ቱን አረንጓዴ፣ 1.5ቱን ቀይ፣ ግማሿን ሳንቲ ሜትር ወርቃማ ይቅቡ። ይህች መስመር ከፎቶው ትበልጣለች። ብዙ ሰው አራቱን ቀለም እኩል ይወስድና ወርቃማው ሲጮህበት ቀለሙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የልኩ ነው። በመስከረም መስክ ላይ ያለች አደይ አበባም ያን ያህል የምታበራው ዙሪያዋን የከበባት አረንጓዴ ስለሚበዛ ነው።

በአዲስ አበባ ቀለምን በትልቁ ለማጥናት የአፍሪካ አዳራሽን የሚያህል የለም። አፈወርቅ ተክሌ የሠራው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል በሦስት ክፍል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ አዳራሹ የተመረቀው በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፊቱ ሲቆሙ መጀመሪያ ቀለሙን ሳይሆን መስታወቶቹን የሚያያይዙትን ጥቁር መስመሮች ብቻ ይሳሉ። ቀለሞቹ ሳይጋጩ አብረው የሚኖሩት በእነሱ ምክንያት ነው። ለየእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ለብቻው ባለ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ይሥሩለት።

4. ክቡ ሌላ ሒሳብ ነው

ጥለት በካሬ ይሄዳል፤ ሰፌድ፣ ሌማትና መሶብ ግን ከመሐል ተነሥተው እየዞሩ ያድጋሉ። በወስፌ የምትሰፋ ሴት በየዙሩ የምትወስነው ነገር አለ፦ ከመሐሉ 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያው 31.4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 10 ላይ ሲደርስ 62.8። ስለዚህ ውስጥ ስምንት የነበረው ቅርጽ ውጪ ላይ ወይ በእጥፍ ይሰፋል ወይ አሥራ ስድስት ይሆናል። አንድ ሰፌድ ያንሡና የትኛውን እንደመረጠች ይዩ። ጥሩ እጅ ያላት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ትጠቀማለች፦ ቅርጹ መጀመሪያ ይሰፋል፣ ከዚያ በመሐሉ ሁለተኛ ቅርጽ ይወለዳል።

በወረቀት ለመሞከር የተያያዙትን መስታወቶች በአንድ የጥለት ቁራጭ ላይ ያቁሙ። በ90 ዲግሪ ሲከፈቱ ቅርጹ አራት ሆኖ ይታያል፣ በ60 ስድስት፣ በ45 ስምንት። የወደዱትን ሲያገኙ እዚያው ላይ እርሳስ አሳልፈው ማዕዘኑን ምልክት ያድርጉ።

ይህ ሒሳብ ለልብስ ሰፊ በቀጥታ ይጠቅማል። ቀጥ ያለ ሰፊ ጥለት በክሎሽ (በክብ በተቆረጠ) ቀሚስ ጫፍ ላይ ሲሰፋ ለምን ይጨማደዳል? ወገቡ 70፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ክሎሽ ጫፉ ላይ ወደ 447 ሳንቲ ሜትር ይዞራል። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥለት የላይኛው ጠርዙ የሚያርፍበት ዙሪያ ግን 397 ያህል ነው። ጥለቱ ከላይም ከታችም እኩል ርዝመት ስላለው 50 ሳንቲ ሜትር ትርፍ መሄጃ ያጣል፤ ያ ትርፍ ነው የሚጨማደደው። መፍትሔው ጥለቱን ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ ነው፤ ያን ጊዜ ትርፉ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሆኖ በአራት ሜትር ተኩል ላይ ሲከፋፈል በካውያ ይተኛል። ሰፊው ጥለት የግድ ከሆነ ጫፉ ቀጥ ያለ ቀሚስ ይቁረጡለት።

5. ከቁስ ወደ ቁስ ማሻገር

እስካሁን የተሰበሰበው ገና ሐሳብ አይደለም፣ ጥሬ ዕቃ ነው። ሐሳብ የሚሆነው ቁሱን ሲለቅ ነው። የአክሱም ሐውልቶችን ይመልከቱ፦ የቆመው የንጉሥ ኢዛና ሐውልት 21 ሜትር ያህል ነው፣ ከሮም የተመለሰው 24። ሁለቱም ላይ በር፣ መስኮት፣ የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ ሳይቀር በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በእንጨትና በድንጋይ የተሠራን ቤት ጠራቢው ወደ አንድ ድንጋይ አሻገረው። ላሊበላ ላይ ደግሞ የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ንብብር ከአለት ፈልፍሎ ያሳያል። መንገዱ የቆየ የራሳችን መንገድ ነው።

ሲያሻግሩ አንድ ነገር ይጠብቁ፣ ሁለት ነገር ይቀይሩ። ቅርጹን ከጠበቁ መጠኑንና ቁሱን ይቀይሩ፦ የአንድ ሳንቲ ሜትር አልማዝ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በምንጣፍ ላይ። ቀለሙን ከጠበቁ ቅርጹንና ቁሱን፦ የነጠላው 6፣ 2፣ 1.5፣ 0.5 ልክ በአንድ ክፍል ቤት ላይ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መጋረጃው አረንጓዴ፣ ትራሶቹ ቀይ፣ የአምፖሉ ማቀፊያ ወርቃማ። ሁሉንም ከጠበቁ ቅጂ ሆነ፤ ሁሉንም ከቀየሩ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቀውም፣ እርስዎም ጭምር።

ቁሱን ራሱን መነሻ ማድረግም ይቻላል። ኤልያስ ስሜ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒውተር አካል እየጎነጎነና እየገጣጠመ ከሩቅ መልክዓ ምድር የሚመስሉ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራል። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ደግሞ የጭቃና የጭድ ግድግዳ ምን ያህል ቅርጽ እንደሚይዝ የሚታይበት ቦታ ነው፤ ግማሽ ቀን ይስጡት። ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው ከ100 ብር ያልበለጠ ይዞ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ይግዛ፦ ቁልፍ ከሆነ ቁልፍ፣ ሽቦ ከሆነ ሽቦ። የተደባለቀ ዕቃ ቤት ሲገባ ክምር ሆኖ ይቀራል።

ለፊደል ሥራ አጭር ምክር፦ ከአንድ ቤት ይጀምሩ። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎን በ3 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይጻፉና ምልክቱ የት እንደሚቀጠል ይክበቡ፤ የሉ ከወገቡ፣ የሊ ከእግሩ፣ የሌ በእግሩ ላይ ቀለበት። በሎጎ ላይ ፊደል የሚጣበበው በአብዛኛው ለእነዚህ ቅጥያዎች ቦታ ስላልተተወ ነው። በእጅ የሚጽፉት የማስታወቂያ ሠዓሊዎች ይህን ስለሚያውቁ ሰፋ ያደርጉታል።

6. ሙዚየምና ጉዞ

በአንድ ሰዓት አራት ዕቃ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ለመስቀል ጥናት የሚመች ነው። መስቀል ሲስሉ ብረቱን ትተው ክፍተቶቹን ብቻ ያጥቁሩ። ሐረጉ ውስብስብ ሆኖ ያስፈራው ሰው በክፍተቱ ሲገባ ከትንንሽ ቅጠልና ሦስት ማዕዘን የተሠራ መሆኑን ያያል። በአሜሪካ ያላችሁ ባልቲሞር የሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ሰፊ የኢትዮጵያ ስብስብ አለው።

ሐረር የሚሄድ ሰው አምስቱን የጀጎል በሮች ለመጨረስ አይሩጥ። በፈቃድ አንድ የከተማ ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሰፌዶች አደራደር ይሳል፦ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ጥንድ፣ በመካከላቸው ስንት ጣት ክፍተት። ከዚያ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ በሆነው «መኪና ግርግር» ላይ የጨርቆቹን ቀለም በመስመር ይያዝ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከሆነ ጣሪያው ላይ ካሉት መላእክት የሦስቱን ዓይን ብቻ፤ ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከሆነ በጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ርቀት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይጠይቁ አይሳል፣ ፍላሽ አይበራም። መስቀልንና የቅዱሳንን ሥዕል በጫማ፣ በምንጣፍ፣ በሚቀመጡበት ነገር ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ገበያው ቢፈልገውም። ከክፍተቱ የተወሰደው ቅጠል ወይም ሦስት ማዕዘን ለዚህ ሥራ ይበቃል።

7. ዓርብ ማታ

የሳምንቱን ገጾች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንዱን ብቻ ይምረጡ። ከእሱ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ይሥሩ፣ በጨርቅ፣ በወረቀት ወይም በሽቦ፤ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ከጀርባው ቀኑን፣ የመነሻውን ገጽ ቁጥርና የጠበቁትን አንድ ነገር ይጻፉ። ናሙናው ካላማረ አይጣሉት፤ ምን እንደቀየሩ ስለተጻፈበት በሚቀጥለው ሳምንት የሚታረመው ይታወቃል።

ከናሙናዎቹ አንዱ ወደ ሸማኔ የሚሄድ ከሆነ የተቆጠረውን ገጽና ናሙናውን አብረው ይዘው ይሂዱ። «ጋሼ፣ ይቺ ጥለት በእርስዎ ክር ስንት ማግ ትሆናለች?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ንድፉን ያሻሽለዋል። ዋጋውን ከመጀመሪያው ክንድ ሥራ በፊት ይነጋገሩ፣ ለሙከራው ለብቻው ይክፈሉ። የጥለቱ መነሻ የሸማኔው የራሱ ሥራ ከሆነ ሳያስፈቅዱ ወደ ማተሚያ አይውሰዱት፤ ሥራው ሲሸጥም የሸማኔው ስም ከልብሱ ምልክት ላይ ከእርስዎ ስም ጋር ይጻፍ።